ኮዲን ያነገሡት ተጫዋቾቹ ብቻ አይደሉም
ስለ ኸርሊንግ (በዱላ ትንሽ ኳስ የሚመታበት የአየርላንድ ባህላዊ ጨዋታ) አሠልጣኙ ብራያን ኮዲ በወጣው ጽሑፍ ውስጥ «ያን የመሰለ ቡድን ይዞ ማን አያሸንፍም?» የምትለዋ አረፍተ ነገር አልተዋጠችልኝም። ኮዲ የአየርላንዱን አውራጃ የኪልኬኒን ቡድን ከ1998 መጨረሻ እስከ 2022 (እ.ኤ.አ.) ሲያሠለጥን የመላ አየርላንድን የኸርሊንግ ዋንጫ 11 ጊዜ ወስዷል፤ ይህ በአንድ ትውልድ ተጫዋች የሚመጣ ነገር አይደለም። እስቲ 2015ን እዩ፤ ከ2014ቱ ድል በኋላ ሄንሪ ሼፍሊን፣ ጄ.ጄ. ዴላኒና ቶሚ ዋልሽ ተራ በተራ ቡድኑን ተሰናበቱ፤ ኮዲ ግን በቀጣዩ ፍጻሜ ጎልዌይን አሸንፎ ዋንጫውን ደገመው። ስም አይቶ የሚያሰልፍ ሰው አልነበረም። በ2003 አምበሉ ቻርሊ ካርተር ቋሚ ቦታ አጥቶ በውድድሩ መሃል ጥሎ ሲወጣ እንኳ ንቅንቅ አላለም፣ ዋንጫውም በዚያው ዓመት መጣ። በኪልኬኒ ስታዲየም በኖውላን ፓርክ እርስ በርስ የሚገጥሙት ልምምድ ከዋናው ጨዋታ ይከብድ እንደነበር የሚናገሩት ራሳቸው ተጫዋቾቹ ናቸው፤ ዳኛው ኮዲ፣ ፊሽካውም ከስንት አንዴ! ጽሑፉ ጭራሽ የዘለለው ደግሞ የተጫዋችነት ዘመኑን ነው። ተከላካዩን ሰውዬ በ1978 አጥቂ አድርገው አሰለፉት፣ ፍጻሜውን በኮርክ ተሸነፉ፣ አገሩ ሲገባ የገዛ ደጋፊው ጮኸበት። በ1982 ግን አምበል ሆኖ ዋንጫ አነሣ። ከጽሑፉ ሥር ኮዲ ስንት ደመወዝ ያገኝ እንደነበር ለጠየቅከው ወንድሜ፦ ኸርሊንግ በደንቡ የአማተር ስፖርት ነው፣ ደመወዝ የለውም፤ ኮዲ እንጀራው የአንደኛ ደረጃ መምህርነት ነበር፣ በኋላም ርዕሰ መምህር ሆኗል።