በሚቺጋን ሐይቅ መብሉ ሳይታይ ሳልመን አይጨመር

በሰሜን አሜሪካው ሚቺጋን ሐይቅ ላይ ለመዝናኛ መንጠቆ የሚጥሉ ሰዎች ባለፉት ጥቂት ዓመታት ትልልቅ ዓሣ አግኝተዋል። እ.ኤ.አ. በ2021 ሉዲንግተን ከተባለችው የወደብ ከተማ አቅራቢያ የተያዘ አንድ ቺኑክ (ትልቅ የሳልመን ዓሣ ዝርያ) ከ21 ኪሎ ግራም በላይ መዝኖ፣ ከ1978 ጀምሮ ያልተደፈረውን የሚቺጋን ግዛት ክብረ ወሰን ሰብሯል። ዓሣው ሲወፍር ታዲያ አንድ ጥያቄ ይከተላል፦ እንዲህ ከተስማማው በመርቢያ አድጎ ሐይቁ ውስጥ የሚለቀቀው የሳልመን ጫጩት፣ ማለትም ትንሹ ዓሣ፣ ለምን አይበዛም? ደንበኛ ይዘው ሐይቅ የሚወጡ የጀልባ ባለቤቶች ይህን ቢጠይቁ አይፈረድባቸውም፤ እንጀራቸው ነው። እኔ ግን መቸኮሉን አጥብቄ እቃወማለሁ።

ዓሣው የወፈረው የሚሻማው አፍ ስለቀነሰ ነው። ሐይቁን የሚጋሩት አራቱ ግዛቶች፣ ማለትም ሚቺጋን፣ ዊስኮንሲን፣ ኢሊኖይና ኢንዲያና፣ እ.ኤ.አ. በ2013 የሚለቁትን የቺኑክ ጫጩት በግማሽ ገደማ ቀንሰዋል። ያን ጊዜ ብዙ አጥማጅ ተቆጥቶ ነበር። ዛሬ የሚያስደስተው ዓሣ በከፊል የዚያ ውሳኔ ፍሬ ነው።

ቺኑክ በዚህ ሐይቅ የሚኖረው በዋናነት አልዋይፍ የተባለውን ትንሽ ዓሣ እየበላ ነው። ሁለቱም የሐይቁ ተወላጆች አይደሉም። አልዋይፍ የባሕር ዓሣ ሲሆን፣ የናያጋራን ፏፏቴ በሚያልፈው በዌላንድ ቦይ በኩል ወደ ላይኞቹ ሐይቆች ገብቶ በ1949 ሚቺጋን ላይ ታየ። ሊበላው ይችል የነበረውን ትራውት የተባለ የአገሬውን ዓሣ ከልክ ያለፈ ማስገርና ላምፕሬይ የተባለው ደም መጣጭ ፈጅተውት ስለነበር ከልካይ አላገኘም። በ1967 የሞተው አልዋይፍ የባሕር ዳርቻዎቹን ሸፈነ። ከዚያ አንድ ዓመት ቀደም ብሎ ሃዋርድ ታነር የተባሉት የሚቺጋን ግዛት የዓሣ ሀብት ኃላፊ ከፓስፊክ ወገን የመጣውን ኮሆ ሳልመን አስለቀቁ፤ በ1967 ደግሞ ቺኑክ ተከተለ። የተረፈ መብል ነበርና ሳልመኑ ገነነ።

ያ ትርፍ መብል ግን ዛሬ የለም። ኳጋ የተባለው ባለ ዛጎል መጤ እንስሳ የሐይቁን ወለል አልብሶ፣ የምግቡ ሰንሰለት መነሻ የሆነውን ረቂቅ የውኃ ዕፅዋት እያጣራ ይበላል። ውኃው ከድሮው ይልቅ ጥርት ብሏል፤ ጎብኚ ያደንቀዋል። እዚህ ሐይቅ ላይ ግን ውኃው ጠራ ማለት ተራበ ማለት ነው።

ጎረቤቱ ሂውረን ሐይቅ የሆነውን አይተናል። ከ2003 ጀምሮ አልዋይፉ በጥቂት ጊዜ ውስጥ ተመናምኖ ጠፋ ለማለት ደረሰ፣ የቺኑክ ማጥመዱም ተከትሎት ወደቀ። በሳልመን የሚተዳደሩት የወደብ ከተሞች እንግዳ አጡ። እውነት ነው፣ በሳጊኖው የባሕር ሰላጤ ዎልአይ የተባለው የአገሬው ዓሣ አልዋይፍ እጮቹን መፍጀቱ ሲቀርለት አገግሟል፤ ስለዚህ አልዋይፍ ይጥፋ የሚሉ ሰዎች ቀላል ክርክር አይደለም የያዙት። ነገር ግን የሳልመኑ ደጋፊ ጫጩት በብዛት ይለቀቅ ሲል፣ ሳያውቀው እነሱ የሚፈልጉትን እያፋጠነ ነው። ግጦሹን ሳያይ ከብት እንደሚያበዛ ሰው ነው።

ደግሞም ሰው የሚለቀው ብቻ አይደለም። በሐይቁ ካለው ቺኑክ ከግማሽ በላይ የሚሆነው በወንዞች ውስጥ በራሱ የተፈለፈለ ነው፤ እሱን ማንም በውሳኔ ሊቀንሰው አይችልም።

«በዚህ ሳምንት እኮ ሁሉም ሞልቶ ተመለሰ» የሚለው ማስረጃ አያሳምነኝም። ቺኑክ ከ10 እስከ 13 ዲግሪ ሴልሺየስ የሆነ ውኃ ይመርጣል። የምዕራብ ነፋስ በዊስኮንሲን በኩል ያለውን ሞቃት የላይ ውኃ ወደ መሃል ሲገፋው ቀዝቃዛው ከሥር ይወጣል፣ ዓሣውም ወደ ዳር ይጠጋል። ነፋሱ ሲዞር ያው ዓሣ ርቆ ወደ ጥልቁ ይወርዳል። እንግዲህ የጀልባው መሙላትና መጉደል የሚነግረን ዓሣው የት እንዳለ ነው፤ ምን ያህል እንደሆነ አይደለም።

መታየት ያለበት ሌላ ነው፦ በአንድ ዕድሜ ያለ ዓሣ ስንት እንደሚመዝን፣ ሆዱ ውስጥ ምን እንደተገኘ፣ ዕድሜው የገፋ አልዋይፍ መኖር አለመኖሩ። የአሜሪካ ጂኦሎጂካል ሰርቬይ የተባለው የፌዴራል መንግሥት የምርምር ተቋም ባለሙያዎች በየዓመቱ በመረብና በድምፅ ሞገድ የሚያደርጉት ቆጠራ ለዚህ ነው። የጀልባ ባለቤቶችም የያዙትን ብዛት ብቻ ከሚያወሩ፣ ዓሣውን ሲያርዱ ከሆዱ ያገኙትን መዝግበው ለግዛቶቹ ባለሙያዎች ቢሰጡ ክርክሩ መሬት ይይዛል። ጫጩት መጨመር የሚገባው ቢያንስ በተከታታይ ሁለትና ሦስት ዓመት የተወለደው አልዋይፍ በደህና ማደጉ ሲታይ ነው፤ ያኔም በጥቂቱ፣ የሳልመኑ ክብደት መቀነስ ከጀመረም ወዲያው ለማቆም አራቱ ግዛቶች አስቀድመው ተስማምተው።