ቶዮታ ከእኛ ይማር

ጃፓኖች ሲያሳዝኑ! ታይቺ ኦህኖ የሚባል የቶዮታ ሰው ዕድሜውን የጨረሰው መጋዘን ውስጥ ዕቃ እንዳይከመር ሲጨነቅ ነው። ሐሳቡ የመጣለት ከአሜሪካ ሱፐርማርኬት ነው፤ ከመደርደሪያው የተነሣውን ያህል ብቻ ይተካል። ይህንኑ ፋብሪካ አስገባው። ካንባን የምትባል ካርድ አለች። ዕቃው ሲነሣ እሷ ወደ ኋላ ትሄድና «ይህን ያህል አምጡ» ትላለች። ዕቃው ሳያልቅ፣ ማለት ነው። እዩት እንግዲህ ድካሙን።

እኛ ያለ ካርድ ደርሰንበታል። መደርደሪያችን ባዶ ነው። ዘዴው ቀላል ነው፤ ዕቃ የሚታዘዘው ሲያልቅ ነው። ኧረ ሲያልቅም አይደለም! አልቆ፣ ማሽኑ ቆሞ፣ ሥራ አስኪያጁ ሲጮኹ ነው። ደግሞ የቶዮታ አቅራቢዎች ብዙዎቹ ጎረቤት ናቸው። የኛ ዕቃ ዶላር ወረፋ ይይዛል፣ ባንክ የክፍያ ዋስትና (ኤል ሲ) ይከፈትለታል፣ ባሕር ያቋርጣል፣ ከጅቡቲ ይጫናል። ወራት የሚፈጅን ዕቃ ካለቀ በኋላ ማዘዝ ወኔ ይጠይቃል። ጃፓኖች ይህ ወኔ የላቸውም።

እሠራበት የነበረ አንድ ፋብሪካ ውስጥ የማሸጊያው ማሽን ኩሽኔታ ተበላ። ወደ ስቶር ሮጥኩ።

«ጋሼ፣ ኩሽኔታ!»

የስቶሩ ኃላፊ መነጽራቸውን አጠለቁ። ገቢና ወጪ የሚጻፍበትን ቢን ካርድ አወጡ። በጣታቸው እየተከተሉ እስከ ታች ወረዱ።

«ሦስት አለ።»

መደርደሪያው ላይ ያለው አቧራ ነው። አንዲት ሸረሪትም አለች።

«ጋሼ፣ የለም እኮ!»

«ካርዱ ላይ አለ፣ ልጄ።»

ምን ብዬ ልከራከር? ካርዱ ፊርማ አለበት። መደርደሪያው የለበትም።

ግዢ ክፍል ደግሞ «ስቶር ያለ ዕቃ አይገዛም» አለን። እውነታቸውን ነው። ግማሽ ቀን «የለም» የሚል ደብዳቤ ስናጽፍ ዋልን። ከዚያ ሦስት ፕሮፎርማ። ከዚያ አንድ ልጅ በኮንትራት ታክሲ ሶማሌ ተራ ተላከ፤ በውድ ገዝቶ መጣ። ቁጥሩ አይገጥምም። ልጁ ተመልሶ ሄደ። ሠራተኛው በረንዳ ላይ ፀሐይ ይሞቃል። እንዲህ ያለ የሠራተኛ እንክብካቤ ቶዮታ ውስጥ አለ?

ስቶሩ ግን ባዶ ነው ያለ ተሳስቷል። ማሽኑ ከተሸጠ አሥር ዓመት ያለፈው ቺንጋ እዚያ አለ፣ እስከ ጣሪያ! እንዳይጣል ኮሚቴ ይፈልጋል። ኮሚቴው እንዳይሰበሰብ ሰብሳቢው ጡረታ ወጥተዋል። የሚፈለገው የለም፣ የማይፈለገው ሞልቷል፤ ሚዛን ማለት ይኼ ነው። ግድግዳው ላይ ደግሞ ካይዘን የሚባለው የጃፓኖች የሥራ ማሻሻያ ዘዴ አምስቱ «ማ»ዎች ተለጥፈዋል፤ ማጣራት፣ ማስቀመጥ፣ ማጽዳት… የቀሩት ሁለቱ በቺንጋው ተሸፍነው አይታዩም።

በፈረንጆቹ 1997 አይሲን የሚባለው የቶዮታ አቅራቢ ፋብሪካው ተቃጠለ። አንዲት ትንሽ የፍሬን ቫልቭ ጠፍታ የጃፓን የቶዮታ ፋብሪካዎች ቀጥ አሉ። ሌሎች አቅራቢዎች ተረባርበው በቀናት ውስጥ አስነሡት። ዓለም ጉድ አለ፤ እስከ ዛሬም ኮሌጅ ይማሩታል። እኛ ያለ ምንም እሳት በየወሩ ቀጥ እንላለን። የጻፈልን የለም።

የኛ ኩሽኔታ በሦስተኛው ቀን ተገኘ። ቁጥሩ ገጠመ፣ ማሽኑ ተነሣ፣ ልጁ ተጨበጨበለት። ሳያልቅ ያዘዘ ሰው ሲጨበጨብለት ግን አይቼ አላውቅም።

ሰኔ 30 ቆጠራ መጣ። ቆጣሪዎቹ ወጣቶች ናቸው፤ ክላሰር ይዘው ስቶሩ በር ላይ ቆሙ። ወደ ውስጥ እንዳይገቡ ቺንጋው መንገድ ዘግቷል።

«ኩሽኔታ ስንት ነው፣ ጋሼ?»

«ሦስት።»

ጻፉ። ካርዱ ላይም ፈረሙ። አሁን ፊርማው ሁለት ሆኗል።