«ኤአይ እያለ አንቺ ምን ትሠሪልናለሽ?»

ይህን የምጽፈው እንደ ተናደድኩ ነው፤ ንዴቱ እስኪበርድልኝ ብጠብቅ እንደ ሌላው ጊዜ ሁሉ ውጬው ዝም እንደምል አውቃለሁ። የሄድኩበትን መሥሪያ ቤት ስም አልጠራም። የደብረ ብርሃን ልጆች ትገምቱ ይሆናል፤ ግምታችሁን ግን ለራሳችሁ ያዙት፤ ነገሩ የአንድ ቢሮ ወይም የአንድ ኃላፊ ጠባይ ብቻ ቢሆን ኖሮ እንዲህ ባላንገበገበኝ ነበር።

እንደምታውቁት የተግባር ልምምድ የምንወጣበት ጊዜ ደርሷል። ከዩኒቨርሲቲው የተሰጠኝን የትብብር ደብዳቤ ይዤ በዚያ የጠዋት ብርድ ኮሪደር ላይ ቆሜ ቆየሁና ተራዬ ሲደርስ ገባሁ። ኃላፊው ደብዳቤውን ተቀበሉኝ፤ ሳያነቡትም ጠረጴዛው ላይ አስቀመጡት። «ምንድን ነው የምትማሪው?» አሉኝ። ደብዳቤው ላይ ተጽፏል፤ ቢሆንም «ኮምፒውተር ሳይንስ ነው ጋሼ» ብዬ መለስኩ። ሳቅ አሉና «የእኔ ልጅ፣ ዜና አትከታተዪም እንዴ? እሱ እኮ አልቆለታል! አሁን ፕሮግራሙን የሚጽፈው ኮምፒውተሩ ራሱ ነው» አሉኝ። ከዚያም ስልካቸውን አውጥተው አንድ የቲክቶክ ቪዲዮ ከፈቱልኝ፤ የኤንቪዲያው ሥራ አስፈፃሚ ጄንሰን ሁዋንግ መድረክ ላይ ተቀምጦ ሲናገር አንድ ድምፅ በአማርኛ «ፕሮግራሚንግ አበቃ» እያለ ይተረጉማል። «አየሽ? ባለቤቶቹ ራሳቸው አትማሩ እያሉ አንቺ እኔ ዘንድ መጥተሽ ልለማመድ ትያለሽ። ኤአይ እያለ አንቺ ምን ትሠሪልናለሽ?» እዚያው ቢሮ ውስጥ የነበሩ ሁለት ሠራተኞች ሳቁ። «ባይሆን ጤና ብትገቢ ይሻልሽ ነበር» ብለው ደብዳቤዬን መለሱልኝ። መዝገብ ቤት ገቢ እንኳ አልተደረገም። «እሺ፣ አመሰግናለሁ» ብዬ ወጣሁ፤ ያን «አመሰግናለሁ» ባሰብኩት ቁጥር ደሜ ይፈላል።

እዚያ ቆሜ ልናገረው የሚገባኝን አሁን ልናገር። ሁዋንግ ያን ንግግር ያደረገው እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2024 ዱባይ ላይ ነው። የእነሱ ሥራ ማንም ሰው ፕሮግራም መጻፍ የማያስፈልገው እንዲሆን የኮምፒውተር ቴክኖሎጂን ማሳደግ እንደሆነ ነበር የተናገረው። ሰውየው ማን ነው? እነዚህ ሰው ሠራሽ አስተውሎት (ኤአይ) የሚባሉት ሥርዓቶች የሚሠለጥኑባቸውን ቺፖች የሚሸጥ ኩባንያ መሪ ነው። የመንዝ ሰው ገበያ ላይ ባለ በጉ በጉን ስላሞገሰለት ብቻ ገንዘቡን ቆጥሮ አይሰጥም፤ ጥርሱን ከፍቶ ያያል፣ ጀርባውን ይዳብሳል፣ ከዚያ ነው የሚከራከረው። ታዲያ ያንኑ ጥንቃቄ በልጆቻችን ዕጣ ፈንታ ላይ ስንደርስ ለምን እንጥለዋለን? የአንድ ሻጭ ንግግር፣ ያውም ግማሹ ተቆርጦ የቀረ፣ የእኔን ደብዳቤ ለመመለስ እንዴት በቂ ምክንያት ይሆናል?

ጤና ግቢ ላሉኝም መልስ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ2016 ጄፍሪ ሂንተን፣ ማለትም በኤአይ ዘርፍ ከታላላቆቹ አንዱ የሆነውና በ2024 በፊዚክስ የኖቤል ሽልማት ያገኘው ሳይንቲስት፣ ራጅ አይተው በሽታ የሚለዩ የራዲዮሎጂ ባለሙያዎችን ማሠልጠን ከአሁኑ ይቁም፣ በአምስት ዓመት ውስጥ ማሽኑ ይበልጣቸዋል ብሎ ተናግሮ ነበር። አምስቱ ዓመት አለፈ፤ ሌሎችም ዓመታት ተጨመሩ፤ ሆስፒታሎች ዛሬም የራዲዮሎጂ ሐኪም ይፈልጋሉ። ያን ንግግር ሰምቶ ትምህርቱን የተወ ተማሪ ካለ ማን ይክሰዋል? ኃላፊው «አልቆለታል» ያሉት ሙያና «ይሻልሻል» ያሉት ሙያ ሁለቱም በዜና ተገድለው ያልሞቱ ናቸው።

አጎቴ ደግሞ ከሸዋ ሮቢት ደውሎ «ዴቪን የሚባል መጣላችሁ» ያለኝን እስካሁን አልረሳሁትም። ኮግኒሽን የተባለው ኩባንያ እ.ኤ.አ. በማርች 2024 «የመጀመሪያው የኤአይ ሶፍትዌር መሐንዲስ» ብሎ ያወጣው ነበር። ያን ሰሞን የቤተሰባችን የቴሌግራም ግሩፕ በቪዲዮው ተጥለቀለቀ፤ አክስቴ ሳትቀር «አይዞሽ» ብላ ጻፈችልኝ፤ ለቅሶ እንደ ተቀመጥኩ ማለት ነው። ኩባንያው ራሱ ባወጣው ውጤት ግን ዴቪን ከቀረቡለት የፕሮግራም ችግሮች ያለ ሰው እገዛ የፈታው 13.86 በመቶውን ብቻ ነበር። ይህን ቁጥር ግሩፑ ላይ ብጽፍ አንድ ሰው እንኳ «እህ?» አላለም። ከዚያ ወዲህ መሣሪያዎቹ እጅግ መሻሻላቸውን አልክድም፤ እኔም በየቀኑ እጠቀምባቸዋለሁ፤ ውጭ አገር ጀማሪ ተቀጣሪዎች መቸገራቸውንም አነባለሁ። የምናደደው ዜናው ስለ ተወራ አይደለም። ዜናው ሲደርሰን ቁጥሩ፣ ቀኑ፣ ማን ለማን እንደ ተናገረው ሁሉ ተራግፎ «አለቀላችሁ» የሚለው ብቻ ስለሚቀር ነው።

ካፌ ውስጥም ያው ነው። እ.ኤ.አ. ጁላይ 19 ቀን 2024 በዓለም ዙሪያ የብዙ አየር መንገዶችና ሆስፒታሎች ኮምፒውተር ሰማያዊ ስክሪን ሆኖ ሲቀር ጠባሴ አካባቢ አንድ ካፌ የተቀመጡ ሰዎች «ራሺያ ናት» «የለም፣ ቫይረስ ነው» እያሉ ይከራከሩ ነበር። ክራውድስትራይክ የተባለው የደኅንነት ሶፍትዌር አምራች የላከው ስሕተት ያለበት ማሻሻያ መሆኑን፣ በማይክሮሶፍት ግምትም 8.5 ሚሊዮን የዊንዶውስ ኮምፒውተሮችን እንደ ነካ ብነግራቸው አንዱ ጎልማሳ «ገና ተማሪ አይደለሽ? እነሱ የሚደብቁትን አንቺ በምን ታውቂያለሽ?» አለኝ። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2025 ዲፕሲክ የተባለው የቻይና ኤአይ መጥቶ ኤንቪዲያ በአንድ ቀን ወደ 600 ቢሊዮን ዶላር የሚጠጋ የገበያ ዋጋ ሲያጣም «ቻይና በ6 ሚሊዮን ዶላር ሠርታ ጉድ አደረገቻቸው» ተባለ። ወደ 5.6 ሚሊዮን የሚሆነው ቁጥር የመጨረሻውን የሥልጠና ዙር ብቻ የሚመለከት እንደሆነ፣ ከዚያ በፊት የተደረገውን ምርምርና ሙከራ እንደማይጨምር ኩባንያው ራሱ በጽሑፉ ገልጿል። ማን ያነበዋል? ደግሞ እኮ እነዚሁ ሰዎች ሙያሽ ሞቷል ብለውኝ ሳይጨርሱ «እስቲ ይቺ ስልክ ሞልቶብኛል፣ አጽጂልኝ»፣ «ፌስቡኬን ጠልፈውብኛል፣ አስመልሺልኝ» ይሉኛል። የሞተ ሙያ ከሆነ ለምን በእሑድ ቀን ከቤቴ ትጠሩኛላችሁ?

አሁን ወደዚያ ኮሪደር ልመለስ፤ ዋናው ነገር ያለው እዚያ ነው። ተራዬን ስጠብቅ ከፊቴ ከባሶና ወራና ገጠር የመጡ አንዲት እናት ነበሩ። ነጠላቸው ጫፍ ላይ የቋጠሩትን ወረቀት ፈትተው ለመዝጋቢው ሰጡት። ወረቀቱ ላይ የአባታቸው ስም «ኃይለ ማርያም» ተብሎ ተጽፏል። መዝጋቢው ኮምፒውተሩ ላይ ሲፈልግ የለም። «እማማ፣ ሲስተሙ ላይ የሉም» አላቸው። «አምና አንተው አይደለህ የመዘገብከኝ?» አሉት። ልክ ናቸው፤ መዝግቧቸዋል፤ የመዘገባቸው ግን «ሀይለማርያም» ብሎ ነው፤ ሌላ ጊዜ ደግሞ ሌላ ሰው «ሃይለማርያም» ብሎ ሊጽፈው ይችላል። ለእኛ ጆሮ አንድ የሆነው ፊደል ለኮምፒውተሩ አንድ አይደለም፤ ኮምፒውተሮች ፊደላትን በሚለዩበት የዩኒኮድ ሠንጠረዥ «ሀ» 1200፣ «ሃ» 1203፣ «ኃ» ደግሞ 1283 የሚል የተለያየ መለያ አላቸው፤ ሰና ሠ፣ ጸና ፀ፣ አና ዐም እንደዚያው ናቸው። በስሙ መካከል ያለችው ክፍት ቦታ እንኳ ስሙን ሌላ ታደርገዋለች። መዝጋቢው ይህን አላወቀም፤ ያሳየውም ሰው የለም። እናቲቱ ከቀበሌያቸው የስም ማስተካከያ ደብዳቤ አምጡ ተብለው ተመለሱ። መኪና ከማይገባበት ቀበሌ ነው የመጡት።

ይህን ማስተካከል ከባድ ሥራ አይደለም። ስሙ እንደ ተጻፈ ይቀመጣል፤ ለፍለጋ የሚሆን ሌላ ዓምድ ይከፈትና ተመሳሳይ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ወደ አንድ ተለውጠው፣ ክፍት ቦታውም ወጥቶ ይቀመጥበታል፤ ሲፈለግም የሚፈለገው ስም በዚያው መንገድ ተለውጦ ይነጻጸራል። የክፍሌ ተማሪዎች ሁሉ ሊሠሩት የሚችሉት ነገር ነው፤ ኤአይ ቢያግዛቸው ደግሞ በፍጥነት ይሠሩታል። ግን አንድ ሰው ያን ኮሪደር ላይ ቆሞ፣ ያችን እናት አይቶ፣ ችግሩ ፊደሉ ላይ እንደሆነ መረዳት አለበት። ኃላፊው «ምን ትሠሪልናለሽ?» ብለው ሲጠይቁኝ መልሱ ከቢሯቸው በር ውጭ ነጠላዋን አጣፍታ እየወጣች ነበር።

ያ ብቻ መሰላችሁ? ጸሐፊዋ አንድ የቆየ የአማርኛ ፋይል ብትከፍት ስክሪኑ ሙሉ በሙሉ የላቲን ፊደልና ምልክት ሆኖ ተዘበራረቀ። የተጻፈው በድሮ ፎንት ነው፤ ያ ፎንት የእንግሊዝኛውን ፊደል ቦታ ተውሶ የእኛን ፊደል የሚሥል ነበር፤ ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ትርጉም የለውም። ግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው፤ ይህን ያህል ዘመን አልፎም ሴትየዋ የታተመውን ወረቀት አጠገቧ አስቀምጣ ሰነዱን ከመጀመሪያው ጀምራ ትተይበው ነበር። የፊደላቱን ቦታ አንድ ጊዜ በሠንጠረዥ ብናወጣ ፋይሎቹን በሙሉ መለወጥ ይቻላል። ኮምፒውተሯ ዊንዶውስ ሰቨን ነው፤ ማይክሮሶፍት ድጋፉን ያቆመው እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2020 ነው። የሰካችው ፍላሽ ውስጥ ያሉት ፎልደሮች በቫይረስ ሁሉም ሾርትከት ሆነዋል። በዚህ ቢሮ ውስጥ ነው እንግዲህ ኤአይ ሥራዬን የወሰደብኝ!

ኤአይ አማርኛን ከነጭራሹ ችሎታል የሚሉም አሉ። ችሏል፣ ግን በስንት? የእኛ አንድ ፊደል ዩቲኤፍ 8 በሚባለው የጽሑፍ ማስቀመጫ አሠራር ሦስት ባይት ቦታ ይወስዳል፤ የላቲኑ አንድ። እነዚህ የኤአይ ሞዴሎች ጽሑፍን የሚቆራርጡበት መንገድም በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ብዛት የተሠራ ስለሆነ አንድ የአማርኛ ቃል ከእንግሊዝኛው ይልቅ ብዙ ቦታ ይበጣጠሳል፤ በቁርጥራጭ ልክ ለሚያስከፍል አገልግሎት ያው ሐሳብ በእኛ ቋንቋ የበለጠ ያስከፍላል ማለት ነው። ከእነሱ አንዱን የጳጉሜን ቀን ወደ ፈረንጅ አቆጣጠር ለውጥልኝ ብዬው በሙሉ ልብ የተሳሳተ ቀን ሰጥቶኛል። በሩፋኤል ዕለት የተወለደ ልጅ ፎርሙ 12 ወር ብቻ ስላለው «ነሐሴ 30 በሉት» ሲባልም ሰምቻለሁ። 13ኛ ወር እንዳለን ማን እንዲያስታውስልን ነው የምንጠብቀው? ካሊፎርኒያ ያለ መሐንዲስ?

ከሁሉ በላይ የሚያቃጥለኝ ሳቁ ነው። እኔ እንኳ ደብረ ብርሃን ነኝ፣ ቤቴ እዚሁ ነው፣ ነገ ሌላ ቢሮ እሄዳለሁ። አብሮኝ የሚማር የመንዝ ልጅ ግን አለ፤ አባቱ በጎች ሸጠው ነው ላፕቶፕ የገዙለት። ሰሞኑን አባቱ ሬዲዮ ሰምተው «ልጄ፣ የምትማረው ነገር ቀርቷል ይባላል፣ እውነት ነው?» ብለው ደወሉለት። ልጁ ስልኩን ዘግቶ ለረጅም ጊዜ አልተናገረም። ከክፍላችን የመመረቂያ ፕሮጀክት ሐሳቡን ትቶ «ምን ዋጋ አለው» የሚል በዝቷል። ደክሞኛል፤ እውነቴን ነው የምላችሁ፣ ለአጎቴም፣ ለካፌውም፣ ለኃላፊውም ያንኑ ነገር ደጋግሞ ማስረዳት ደክሞኛል።

ደብዳቤው አሁንም እጄ ላይ ነው። በደብረ ብርሃን፣ በደብረ ሲና፣ በአንኮበርም ሆነ በእነዋሪ የስም መዝገብ፣ የቆየ የአማርኛ ፋይል ወይም የቀን አመዘጋገብ ችግር ያለበት ቢሮ የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ክፍያ አልጠየቅሁም። የምፈልገው አንድ ኮምፒውተር፣ የመዝገቡን ቅጂ ለሙከራ የማይበት ፈቃድና ሥራውን የሚያሳየኝ መዝጋቢ ነው፤ የመንዙን ልጅም ይዤው እመጣለሁ።