«ባለቤቱን ጥሪልኝ» አለችኝ

እናንተዬ፣ ዛሬ ካልጻፍኩ እፈነዳለሁ። ፓርኪንግ ውስጥ ሞተር ሳላጠፋ ነው የምጽፈው፣ የፊደል ስህተት የሚለቅም ሰው ዛሬ አይምጣብኝ።

ማታ ማታ የምናጸዳው የጥርስ ሐኪሙ ቢሮ ከእጄ ሄደ። አዎ፣ ያው የሮክቪሉ፣ «ይሄ እንኳን አይንኩብኝ» እያልኩ ስሳልለት የነበረው።

ማናጀሯ ማታ ስንገባ ጠብቃን አታውቅም። ዛሬ ኮቷን ለብሳ፣ ቦርሳዋን አንግታ በር ላይ ቆማለች። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ፣ በጣቷ ጠራችኝ። ሄድኩ። ቁመት ሰጥቷታል፣ ተንጠራርታ የኤክስሬይ ክፍሉን የበር መቃን ከላይ በጣቷ ጠረገችና አፍንጫዬ ሥር አመጣችው።

«ይሄ ምንድን ነው?»

አቧራ ነዋ! ሽሮ ነው ልበላት?

«ይቅርታ፣ አሁኑኑ አጸዳዋለሁ» አልኳት። የበር መቃን አናት በወር አንዴ የሚወለወል ነው፣ ኮንትራቱ ላይ ተጽፏል። ግን ማን ያነበዋል?

«ባለቤቱን ጥሪልኝ።»

«የምኑን ባለቤት?»

«የጽዳት ድርጅቱን።»

«እኔ ነኝ።»

ሳቀች። ፈገግ አላለችም፣ ሳቀች እያልኳችሁ ነው። ከዚያ አንገቷን አዙራ ባሌን አየችው። እሱ ሁለት የቆሻሻ ከረጢት አንጠልጥሎ ኮሪደሩ ላይ ደርቆ ቀርቷል። «እሱ ነው?» «አይ፣ እሱ ባሌ ነው፣ ባለቤቷ እኔ ነኝ።» «ስዊቲ፣ ዋናውን ሰው ማለቴ ነው» ብላ ስልኳን አወጣችና እዚያው ፊቴ በስፒከር ደወለች። ማን አነሳ? ያ ስንፈርም እጃችንን ጨብጦ «ከዛሬ ጀምሮ እናንተ የቢዝነስ ባለቤት ናችሁ» ብሎ ፍሬም ውስጥ የገባ ሰርተፍኬት የሰጠን የፍራንቻይዙ ኩባንያ ሰውዬ። ፍራንቻይዝ ማለት ከፍለሽ በነሱ ስም፣ በነሱ ደንበኛ የምትሠሪበት ውል ነው።

አንድ ጥያቄ ጠየቀ? አልጠየቀም። «በጣም እናዝናለን፣ ከሰኞ ጀምሮ ሌላ ሰው እንመድባለን» አላት። እኔ እዚያው ቆሜያለሁ እኮ! «ሄሎ፣ እኔም እዚህ አለሁ» አልኩ። ትንሽ ዝም አለና «ኦ! ሃይ! ነገ እደውልልሻለሁ፣ ፓርትነር» ብሎኝ እርፍ። ፓርትነር! አፈር ብላ!

ቁልፉን አስረክቢ ተባልኩ። ቁልፉ ከቀለበቱ አልወጣ አለኝ። እሷ እጇን ዘርግታ ቆማ፣ እኔ በጥፍሬ ስፈለቅቅ፣ ጥፍሬ ተሰብሮ ደማ። በመጨረሻ ወጣ። ተቀበለችኝ። ምን ብትለኝ ጥሩ ነው? «ትራሹን ግን ዛሬ አውጡት።»

አወጣነው። አዎ አወጣነው። ሞራል አለን የምትሉ እናንተ ናችሁ።

አሁን «ምን ታካብጃለሽ፣ አንድ ደንበኛ ሄደ ሌላ ይመጣል» የምትሉኝ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ቁጭ በሉና ሒሳቡን ስሙ። ይሄ ቢሮ በወር 1,450 ዶላር ይከፍላል። ለኔ አይደለም፣ ለኩባንያው። ደንበኛው የኔ አይደለም፣ ኮንትራቱ በነሱ ስም ነው፣ ደረሰኙን የሚልኩት እነሱ ናቸው፣ ቼኩ የሚገባውም እነሱ ጋ ነው። እኔ ጋ የሚደርሰው የተላጠው ነው። ሮያሊቲ፣ በስማቸው ስለምሠራ የሚወስዱት ማለት ነው፣ 145። የአስተዳደር የሚሉት 72 ከሃምሳ። ኢንሹራንስ 87። ይሄን ቢሮ ስላገኙልኝ ደግሞ የወር ሒሳቡን ሦስት እጥፍ አስከፍለውኛል፣ እሱ በየወሩ 200 ይቆረጣል። የመግቢያው ብድር 240። ሳሙናና ጨርቅ፣ ከነሱ ብቻ የሚገዛ፣ 90። ደምሩት፣ 834 ከሃምሳ። የቀረው 615 ከሃምሳ ነው። በዚያ ላይ በሳምንት አምስት ማታ፣ ሁለት ሰው፣ ሁለት ሰዓት ተኩል። ስድስት ዶላር እንኳን በሰዓት አይሞላም። ሜሪላንድ ውስጥ ዝቅተኛው የሰዓት ክፍያ 15 ዶላር ነው። ማክዶናልድ ድንች የሚጠብሰው ልጅ ከኔ ይሻላል፣ ደግሞም እሱን ማንም «የቢዝነስ ባለቤት» አላለውም። ቤንዚኑን አልቆጠርኩም። ታክሱንም አልቆጠርኩም፣ ተቀጣሪ ስላልሆንሽ የሶሻል ሴኩሪቲውንና የሜዲኬሩን የአሠሪውን ድርሻ ጭምር ራስሽ ትከፍያለሽ፣ 15.3 ከመቶ። የታክስ ሠራተኛችን ወረቀቱን አይታ «ይሄ ነገር ያዋጣችኋል?» ስትለኝ ቡና ነበር የቀዳሁላት፣ ምን ልመልስ።

በረዶ የጣለ ሳምንትስ? ቢሮው ዝግ ነው፣ ደንበኛው «ላልጸዳ አልከፍልም» ይላል፣ ከኔ ይቀነሳል። ሮያሊቲው ግን በረዶ አያውቅም። ደንበኛው ካልከፈለ ደግሞ መጀመሪያ ኩባንያው ከራሱ ይከፍልሻል፣ ደስ ይልሻል፣ ከዚያ «ደንበኛው ስላልከፈለ» ብለው ከሚቀጥለው ቼክሽ መልሰው ይወስዱታል። አንዴ ቼኬ ላይ የተጻፈውን ቁጥር ሳየው ለፓርኪንግ ቅጣት እንኳን አይበቃም ነበር። ዲሲ ውስጥ የፓርኪንግ ቅጣት ነገር ካነሳሁ አልጨርስም፣ ልተወው።

ይሄን ጉድ የሸጠልን ማን መሰላችሁ? የኛው ልጅ። ሲልቨር ስፕሪንግ ማኪያቶ ጋብዞን «እስከ መቼ የሰው ሎሌ? የራስሽ አለቃ ሁኚ እንጂ» አለኝ። በአማርኛ፣ ማር የመሰለ አማርኛ። የምናገኘውን ገንዘብ ቁጥርም በናፕኪን ላይ አማርኛ እየተናገረ ጻፈልን። ወረቀቱ ሲመጣ ግን በእንግሊዝኛ። የእቁቡን 12,000 ዶላር ሳልነካው ነው የወሰደው፣ ቀሪውን በብድር፣ በግል ዋስትና። የኛ የጽዳት ድርጅት ቢዘጋ እንኳ ብድሩ እኔንና ባሌን ይከተላል ማለት ነው።

ኤፍዲዲ የሚሉት ዶሴ አለ፣ ፍራንቻይዝ ሻጩ ስለ ራሱና ስለ ውሉ የሚገልጽበት። ሕጉ ከመፈረምሽ ወይ ከመክፈልሽ 14 ቀን በፊት ይሰጥሽ ይላል። ሰጡን፣ መቼ ካዱን! ውፍረቱ ለትራስ ይበቃል። 23 ርዕስ አለው፣ 23ኛው «ተቀብያለሁ» ብለሽ የምትፈርሚበት ደረሰኝ ነው፣ ሰውዬው በጣቱ ያሳየን እሱን ብቻ ነው። ሕግ የምትማረው የእህቴ ልጅ በኋላ ሶፋ ላይ ተጋድማ አነበበችው። 3ኛው ላይ በኩባንያው ላይ የቀረቡ ክሶች። 19ኛው ላይ ስለ ገቢ የሚነገር ነገር ካለ እዚያ መጻፍ አለበት። የናፕኪኑ ቁጥር የለም። 20ኛው ላይ ጥለው የወጡ ሰዎች ስም ከነስልካቸው። «አክስቴ፣ ይሄን ሁሉ ሰው ምን አስወጣው?» ትለኛለች፣ ስሞቹን እያነበበች። ጋናዊ አለ፣ ሳልቫዶራዊ አለ፣ የኛ አገር ሰው ስምም አለ። ስሚዝ የሚባል ፈልጌ አጣሁ። እና መንግሥት የት ነበር ስላት፣ ኤፍቲሲ የሚባለው የፌደራሉ የንግድ ኮሚሽን ወረቀቱን አይመረምርም አለችኝ። ሜሪላንድ በጠቅላይ ዐቃቤ ሕጉ ቢሮ በኩል ታስመዘግባለች፣ ተመዘገበ ማለት ግን «ጥሩ ነው» ብለው መሰከሩለት ማለት አይደለም። ስለዚህ ከሰማይም ከምድርም የለንበትም።

«በወር የ3,000 ዶላር ሥራ ዋስትና» ያሉንስ? ስሙልኝማ። ዋስትናው ሥራ ሊያቀርቡልሽ ነው፣ ሥራው ሊቆይልሽ አይደለም። ሲልቨር ስፕሪንግ ለምትኖረው ለኔ ዋልዶርፍ ያለ 600 ዶላር የሚከፍል ቢሮ አቀረቡልኝ። ሩቅ ነው አልኩ። እምቢ ያልሽው ከ3,000ው ላይ እንደተሰጠሽ ይቆጠራል! ደንበኛው ደግሞ በ30 ቀን ማስታወቂያ መውጣት ይችላል። «በጥፋትሽ» ከሄደ ምትክ የለም፣ ያንን ቢሮ ያገኙበት ክፍያም አይሰረዝም። ጥፋቱን የሚወስነው ማን ነው? እነሱ። የዛሬዋ ጣት ለምን እንደተንጠራራች ገባችሁ? አቧራዋን በስልኳ ፎቶ አንስታዋለች። ያቺ ፎቶ ለኩባንያው ገንዘብ ናት። ቢሮውን ላላየው ሌላ ሰው እንደ አዲስ ይሸጡታል፣ እሱም ሦስት እጥፉን ይከፍላል። እኔም የቀረኝን እከፍላለሁ። አንድ ሽንት ቤት፣ ሁለት ከፋይ!

ከፋሲካ በፊት ደግሞ የማጸዳውን አንድ መዋዕለ ሕፃናት ነጥቀውኝ ነበር። ክርስትና ላይ አጠገቤ የተቀመጠ ልጅ፣ በደስታ ፊቱ በርቶ፣ «እህቴ፣ ፈጣሪ ይመስገን፣ እኔም ቢዝነስ ከፈትኩ፣ መዋዕለ ሕፃናት ሰጡኝ» ይለኛል። የት ስለው ሰፈሩን ነገረኝ። «መግቢያው ላይ ዓሣ አለ?» አልኩት። «እንዴት አወቅሽ!» አለኝ። በጉልበት የምታጸጂያቸው እነዚያ ትንንሽ ሽንት ቤቶች፣ መግቢያው ላይ ያለው ብርቱካናማ ዓሣ፣ ሁሉም። ዶሮው ጉሮሮዬ ላይ ቀረ። ሚስቱ ነፍሰ ጡር ናት፣ ሰው በተሰበሰበበት ምን ብዬ ልንገረው? «እንኳን ደስ ያለህ» አልኩት። ከዚያ ወዲህ ሲደውል ስልኩን ማንሳት ከብዶኛል።

እሺ ሥልጠናውስ? ቪዲዮ ነው። ቀይ ጨርቅ ለሽንት ቤት፣ ሰማያዊ ለመስታወት። ጀርም መግደያው ጠርሙስ ላይ «10 ደቂቃ እርጥብ ሆኖ ይቆይ» ይላል። ይቆይ! ግን ሽያጭ ክፍሉ ዋጋ ሰብሮ ደንበኛ ለማምጣት ሰዓቱን አሳጥሮ ፈርሟል፣ እኔ በእያንዳንዱ መታጠቢያ ላይ 10 ደቂቃ ከቆምኩ የሚነጋው እዚያው ነው። ደንበኛውን ዋጋ ማናገር ክልክል። ምንጣፍ እጠቢልኝ ቢልሽ በኩባንያው በኩል። «አንቺን በቀጥታ እንቅጠርሽ» ቢልሽም ኮንትራቱ ያስርሻል። ዩኒፎርማቸውን እለብሳለሁ፣ ዋጋቸውን እቀበላለሁ፣ ሲሉኝ እመጣለሁ፣ ሲሉኝ እሄዳለሁ፣ የኔ የሆነው ዕዳው ብቻ ነው።

ይሄን ያልኩት እኔ ብቻ አይደለሁም። ማሳቹሴትስ ውስጥ የጽዳት ሰዎች ኮቨርኦል የሚባለውን ኩባንያ ከሰው፣ በ2010 የፌደራል ዳኛው ዊሊያም ያንግ እነዚህ ሰዎች በክልሉ ሕግ ተቀጣሪዎች ናቸው ብሎ ፈረደ። ኩባንያው «የኛ ሥራ ጽዳት አይደለም፣ ፍራንቻይዝ መሸጥ ነው» ብሎ ሲከራከር ነገሩ የፖንዚ ጨዋታ ይሸታል የሚል ነው የጻፈበት። በ2011 ደግሞ የክልሉ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ከተቀጣሪ የፍራንቻይዝ ክፍያ መቀበል አይቻልም አለ። የእህቴ ልጅ ስትነግረኝ እልል ልል ነበር፣ «አክስቴ፣ ያ እኮ የማሳቹሴትስ ሕግ ነው፣ እኛ ሜሪላንድ ነን» አለችኝ። ስንሰደድ ክልል መርጠን አልመጣን!

አገር ቤት ደግሞ ሌላ ጉድ። እናቴ ለሰፈሩ ሁሉ «ልጄ አሜሪካ ድርጅት ከፈተች» ብላ አውርታለች። ወንድሜ ላፕቶፕ ይጠይቀኛል፣ የአጎቴ ልጅ «እዚያ ቢሮሽ አስገቢኝ» ይለኛል። ቢሮዬ የቶዮታዬ የኋላ ዕቃ መጫኛ ነው! ሰርተፍኬቱን ፎቶ አንስታ የላከችላቸው ማን እንደሆነች አትጠይቁኝ።

ቤቴን ብታዩት ታለቅሱ ነበር። የራሷ አሮባት የሰው ታማስላለች እንደሚባለው ነው፣ የሰው መቃን አቧራ ሲቆጠርብኝ የኔ ማጠቢያ ውስጥ የእሁድ ድስት ተቀምጧል። ልጄ «እማዬ ዛሬም ጨርቅ ጨርቅ ትሸቻለሽ» አለችኝ። ክሎሪን ነው የኔ ልጅ።

ልተወው ብል ብድሩ አለ። አልተወው ብል ይሄው። ሸጠሽ ውጪ ይሉኛል፣ ለማን ልሽጠው? ለመሸጥም የኩባንያው ፈቃድና የማስተላለፊያ ክፍያ ያስፈልጋል። ደግሞስ ለማነው በአማርኛ የማሻሽጠው፣ ማኪያቶ ጋብዤ? አላደርገውም።

አሁን ወደምናጸዳው የመኪና መሸጫ ልንሄድ ነው፣ እሱ ገና አለን፣ እስከ ሰኞ ድረስ ካለ። ኮሜንት ላይ «አይዞሽ፣ ሁሉም ለበጎ ነው» የሚለኝ ሰው አግደዋለሁ፣ አልቀልድም።

ቆይ፣ ባሌ አንድ ነገር እያለ ነው። የሞፑን ባልዲ ከነመጭመቂያው ጥርስ ሐኪሙ ቢሮ ውስጥ ረስተነዋል። ከኩባንያው የገዛሁት፣ ገና ከፍዬ ያልጨረስኩት ባልዲ። ቁልፉን አስረክቤያለሁ። ነገ ለፓርትነሬ ደውዬ ባልዲዬን አውጣልኝ ልለው ነው፣ ለሱም ክፍያ ሳይኖራቸው አይቀርም።