መቅደሙ ከየት መጣ?
ከላይ ስለ ሲክ ሃይማኖት ሠርግ በወጣው ጽሑፍ ሥር «መጽሐፉን ሲዞሩ ሙሽሪት ከሙሽራው ኋላ የምትከተለው ቅዱስ መጽሐፋቸው ስላዘዘ ነው» ያልከው ወንድም፣ ተሳስተሃል። በዚሁ መጽሐፍ፣ በጉሩ ግራንት ሳሂብ ውስጥ ያሉት፣ የሲኮች መምህር (ጉሩ) የነበሩት የጉሩ ራም ዳስ አራቱ የላቫን (የሠርግ) መዝሙሮች ማን ይቅደም ማን ይከተል አይሉም። እንዲያውም እዚያ ሙሽሪት የተባለችው የሰው ነፍስ ናት፤ ወንዱም ሴቷም ማለት ነው፣ ሙሽራው ደግሞ ፈጣሪ። ወንዱን ከፊት ያደረገው እ.ኤ.አ. በ1945 የጸደቀው ሬሃት ማርያዳ የተባለው የሲኮች የሥርዓት ደንብ ነው። አባት ወይም የቅርብ ዘመድ ወንዱ ትከሻ ላይ ያለውን ሻርፕ ጫፍ ለልጅቱ ያስይዛታል፤ እያንዳንዱ መዝሙር መጀመሪያ ይነበባል፣ ሲዘመር ሁለቱ ተነስተው መጽሐፉን አንድ ጊዜ ይዞራሉ፣ በጠቅላላው አራት ዙር። ጎን ለጎን እንዙር የሚሉ ጥንዶች ከመዝሙሩ ጋር ሳይሆን ከዚህ ደንብ ጋር ነው የሚጋጩት። ጽሑፉ ግን የሲክን ጋብቻ «ፍጹም እኩልነት» ሲል እሱም አበዛው። ያው ደንብ በገንዘብ መዳርን ይከለክላል፣ ባል የሞተባት ብትፈልግ እንድታገባ ይፈቅዳል፤ ጥሎሽ (እዚያ የሙሽሪት ወገን ለወንዱ ወገን የሚሰጠው) ግን ብዙ ሲኮች በሚኖሩበት በሕንዱ ፑንጃብ ዛሬም አለ፣ «ስጦታ» እየተባለ (የሚጠይቀውም መቼም የሙሽሪት ወገን አይደለም)። ሌላም የተዘለለ ነገር አለ፦ የ1909ኙ የአናንድ ጋብቻ ሕግ (የሕንድ የሲክ ጋብቻ ሕግ) እ.ኤ.አ. በ2012 ሲሻሻል የጨመረው ምዝገባን ነው፤ ስለ ፍቺ ምንም የለውም። ስለዚህ ሕንድ ውስጥ መፋታት የምትፈልግ ሲክ ሴት ፍርድ ቤት የምትሄደው በ1955ቱ የሂንዱ ጋብቻ ሕግ ነው።