ሚስተር ቢንን ስንት ጊዜ እንቅበረው?

ሚስተር ቢን ፌስቡክ ላይ መሞት ይወዳል። በየጊዜው አንዱ ተነስቶ «ሰበር ዜና» ይልና ፎቶውን ከሻማ ጋር ይለጥፋል። እኛ ደግሞ አለን፣ ሳናጣራ ለቅሶ የምንደርስ። «ነፍስ ይማር፣ ልጅነታችንን ይዞብን ሄደ!» ይላል አንዱ። ሌላው «አሻንጉሊቱን ማን ያሳድገው ይሆን?» ብሎ ይጨነቃል። ሟቹ በሕይወት አለ።

የሚገርመው፣ ለቀስተኛው ሁሉ የሟቹን ስም አያውቀውም። ሮዋን አትኪንሰን ቢሉት «እሱ ደሞ ማነው?» ይላችኋል።

ሰውየው በ1955 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች ናቸው) ሰሜን እንግሊዝ ውስጥ ኮንሴት በምትባል ከተማ ተወለደ። ኒውካስል ኤሌክትሪካል ኢንጂነሪንግ ተማረ። ኦክስፎርድ ገብቶ ማስተርሱን ጫነበት። እስቲ እዚህ ላይ የኛን አገር አባት አስቡት። ልጁ ከኦክስፎርድ መጥቶ «አባዬ፣ ከእንግዲህ ፊቴን እያጣመምኩ ልኖር ነው» ቢለው! ሽማግሌ ይሰበሰባል። ጠበል ይታሰባል። አክስት «በሰው ዓይን ነው» ብላ ትደመድማለች። ጎረቤት ግን ደስ ይለዋል፤ የሱ ልጅ ቢያንስ ዲፕሎማውን ይዞ በወጉ ሥራ አጥ ሆኗል።

በ1980ዎቹ «ብላክአደር» በተባለው ተከታታይ ምላሱ እንደ ምላጭ የሚቆርጥ ሰው ሆኖ ተውኗል። በግል ሕይወቱ መንተባተብ ያስቸግረዋል፤ የሌላ ሰው ባሕርይ ሲለብስ ግን ይለቀዋል። ይህን ማንም አያስታውስለትም። ጃንዋሪ 1 ቀን 1990 ሚስተር ቢን በእንግሊዝ ቴሌቪዥን ብቅ አለና ሌላውን ሁሉ ዋጠው። ብዙም ስለማያወራ አስተርጓሚ አላስፈለገውም። ክፍሎቹ ደግሞ 15 ብቻ ናቸው። ተደምረው አዲስ አበባ የተሳፈረ ሰው ደሴ ሳይደርስ ያልቃሉ፤ እኛ ግን ዕድሜ ልካችንን እያየናቸው ነው።

ቢን ሚኒ መኪናውን በጓጉንቸር ይቆልፋል። አትኪንሰን ግን ማክላረን ኤፍ ዋን የምትባል ውድ የስፖርት መኪና ነበረችው። በ2011 ከዛፍ ጋር አላተማት። ለጥገና ኢንሹራንሱ ከ900 ሺህ ፓውንድ በላይ ከፈለ። ከዚያ በ2015 በ8 ሚሊዮን ፓውንድ ገደማ ሸጣት ተባለ፤ ከገዛበት ከአስር እጥፍ በላይ መሆኑ ነው። እዚህ ባምፐሯ ትንሽ የተጫረች ቪትዝ ስትሸጡ ደላላው እንዴት ፊቱን እንደሚያጨማድድ ታውቃላችሁ።

የኔ ተወዳጅ ታሪክ ግን የኬንያው ነው። በ2001 ከቤተሰቡ ጋር በትንሽ አውሮፕላን ሲበር ፓይለቱ ራሱን ሳተ። መሪውን ማን ያዘ? ሮዋን አትኪንሰን። ፓይለቱ እስኪነቃ ድረስ አውሮፕላኑን አየር ላይ አቆይቶ በሰላም አረፉ። ከኛ ሰፈር አንዱ ከኋላ ተቀምጦ ቢሆን ኖሮ መሪውን የያዘው ኢንጂነር መሆኑ ትዝ አይለውም ነበር። «የቁልቢው ገብርኤል፣ ፓይለቱን ብቻ ቀስቅስልኝ፣ ጥላ አስገባለሁ!»