አጥር ዘላዩ ሒሳብ አልተሳሳተም

የቀለበት መንገዱን አጥር ዘሎ የሚሻገር ሰው ያላየ አዲስ አበቤ ያለ አይመስለኝም። ዘንቢል የያዘች እናት፣ ደብተር የያዘ ተማሪ፣ ከረባት ያሰረ የቢሮ ሰው ሳይቀር ይዘላል። ሹፌሩ ይሳደባል። ትራፊክ ፖሊሱ ይቆጣል። ሚዲያው ደግሞ ስለ እግረኛው የግንዛቤ ማነስ ያስተምራል። እኔ በዚህ የግንዛቤ ወሬ አልስማማም። ሰውዬው ሒሳቡን በእግሩ ሠርቶ ጨርሷል። ያልሠራው መንገዱን የነደፈው ነው።

ሒሳቡ እንዲገባችሁ ወረቀት አውጡ። አምስት ነጥብ አድርጉና ፒያሳ፣ መርካቶ፣ ሜክሲኮ፣ መገናኛ፣ ቦሌ በሏቸው። ከዚያ እያንዳንዱን ሰፈር ከሌሎቹ ከሁሉም ጋር የሚያገናኝ የራሱ መስመር አስምሩ። አስር መስመር ይሆናል። መስመሮቹ ግን እርስ በርስ እንዳይቆራረጡ። ብትፈልጉ አጣሙት፣ በዳር አዙሩት፣ ነጥቦቹንም እንዳሻችሁ ቦታ ቀያይሩ። አይሆንም። ዘጠኙ እሺ ይላል፣ አስረኛው የግድ አንዱን ይቆርጣል። አትድከሙ፣ እንደማይቻል በሒሳብ የተረጋገጠ ነው። በአራት ሰፈር ይቻላል፣ አምስት ሲሆን አበቃ።

አየር ላይ ይህ ጣጣ የለም። የኢትዮጵያ አየር መንገድ ቦሌን ማዕከል አድርጎ ከመቶ በላይ መዳረሻዎች ይበራል፤ ሁለት መስመሮች ቢተላለፉ ከፍታ ይለያያሉ፣ ከታች ያለው ሰው መንገድ አይዘጋበትም። መሬት ግን ጠባብ ናት። የሒሳብ ሊቁ ሊዮናርድ ኦይለር በ18ኛው ክፍለ ዘመን ከተወው ቀመር የሚወጣ አንድ ውጤት አለ፦ ድልድይ ሳይኖረው መሬት ላይ በተዘረጋ የመንገድ መረብ፣ ሁለት መገናኛዎችን በቀጥታ የሚያያይዘው አንድ መንገድ ብቻ እስከሆነ ድረስ፣ ከአንድ መገናኛ የሚወጡት መንገዶች በአማካይ ስድስት እንኳ አይሞሉም። በእውነተኛ ከተማ ደግሞ አብዛኛው ሦስት ወይም አራት ነው።

ስለዚህ መሬት ላይ የምናሰምረው እያንዳንዱ መስመር ሁለት ሥራ ይሠራል። በቁመቱ ያገናኛል፣ በወርዱ ይቆርጣል። ሪባን ሲቆረጥ የሚነገረን ስለ ቁመቱ ብቻ ነው። አዲሱ መስመር ከነባሩ መተላለፊያ ጋር በተገናኘ ቁጥር ወይ መብራት ያለው መስቀለኛ ይሠራል፣ ወይ አንዱ በላይ ወይም በታች ያልፋል፣ ወይ ደግሞ ነባሩ ይዘጋል። መዝጋት ርካሽ ነው። ርካሽ የሆነው ግን ወጪው ስለጠፋ አይደለም፤ ከተቋራጩ ደረሰኝ ላይ ወርዶ እግረኛው ጫማ ላይ ስለተጫነ ነው።

ቀላል ባቡሩን እንውሰድ። በመስከረም 2008 ዓ.ም. ሥራ ሲጀምር ከተደሰቱት አንዱ ነኝ፣ ዛሬም ባቡር ጠል አይደለሁም። ከአያት ጦር ኃይሎች፣ ከምኒልክ አደባባይ ቃሊቲ፣ በድምሩ 34 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ 39 ጣቢያ። ሐዲዱ በድልድይ ላይ ሲሄድ ከሥሩ እንደ ልብ ይታለፋል። መሬት ላይ ሲሄድ ግን መሃል አስፋልቱን በአጥር ይዞ ነው። ከጣቢያ እስከ ጣቢያ በአማካይ 800 ሜትር ገደማ ነው። መሻገሪያ ያለውም በዚያው ርቀት ነው እንበል። እናንተ ልክ በሁለቱ መሻገሪያዎች መሃል ቆማችኋል፣ ዳቦ ቤቱ ደግሞ ከፊት ለፊታችሁ 40 ሜትር ላይ ይታያችኋል፣ ሻጩን በስሙ መጥራት ትችላላችሁ። ለመድረስ 400 ሜትር ወደ ጎን ትሄዳላችሁ፣ 40 ሜትር ትሻገራላችሁ፣ ሌላ 400 ሜትር ትመለሳላችሁ። ለ40 ሜትር ጉዳይ 840 ሜትር። 21 እጥፍ!

የመረብ ተመራማሪዎች ይህን ቁጥር ነው የሚለኩት፤ የተሄደውን መንገድ በቀጥታው ርቀት ያካፍላሉ። መንገዶቹ ቀጥ ቀጥ ብለው በተሠመሩበት የፍርግርግ ከተማ፣ ከአንዱ መስቀለኛ ወደ ሌላው ስትሄዱ ቁጥሩ ቢበዛ 1.41 ነው። ባርሴሎና በ1859 እ.ኤ.አ. በወጣው ፕላን የሰፋችው እንዲህ ባለ ፍርግርግ ነው፣ መስቀለኛው በየ130 ሜትሩ ገደማ ይመጣል። 1.41 የትና 21 የት!

መሃሉን የመረጥከው ሆን ብለህ ነው የሚለኝ አይጠፋም። እሺ፣ በአማካይ እንየው። ፊት ለፊቱ ለመሻገር የፈለገ ማንኛውም ሰው የሚጨመርበት መንገድ በአማካይ በሁለቱ መሻገሪያዎች መካከል ያለው ርቀት ግማሽ ነው። ለ800 ሜትር 400 ሜትር፣ ደርሶ መልስ 800። በተለመደው እርምጃ ወደ አስር ደቂቃ ይጠጋል፣ ያውም በየቀኑ፣ ያውም ለእያንዳንዱ ሰው። አጥሩን መዝለል ደግሞ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም። አደጋ እንዳለው ዘላዩም ያውቃል፤ ይመዝናል፣ ይዘላል። ከዚሁ ስሌት መፍትሔውም ይወጣል፤ በየ800 ሜትሩ መካከል አንድ መሻገሪያ ብትጨምሩ የሰው ዙሪያ በአማካይ በግማሽ ይቀንሳል። የባቡሩን መስመር ባለበት ትታችሁ ማለት ነው።

አሁን ወደ ኮሪደር ልማቱ ልምጣ፣ ዝም ብዬ ባልፈው ፈሪ እባላለሁ። የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፣ ያምራል፣ ማታ መብራቱ ያስደስታል። ግን ይህም የቁመት ሥራ ነው። በወርዱስ? ሌላው ደግሞ ሰፈር ሲፈርስ ውስጥ ውስጡን የሚወስደው አቋራጭ አብሮ ይጠፋል። ያ በሁለት ግንብ መሃል የሚያሾልክ፣ አንድ ሰው እንኳ በጎን የሚያልፍበት፣ ከእነ ስሙ ካርታ ላይ የሌለ ቅያስ የመረቡ አካል ነበር፤ ሱቁን ከትምህርት ቤቱ፣ ትምህርት ቤቱን ከታክሲ መያዣው ያገናኝ ነበር። ካርታ ላይ ስላልነበረ ሲጠፋ የሚቆጥረው የለም። የኮንዶሚኒየም ግቢ ሲታጠርና ሦስቱ በር ተዘግቶ አንዱ ብቻ ሲቀርም እንደዚያው ነው። አንድም መንገድ አልተነካም፣ የጎረቤቱ ሁሉ ጉዞ ግን ረዘመ።

መሻገሪያ ሲበዛ መኪና ይቆማል የሚል ተቃውሞ ይመጣል። ትክክል ነው፣ ይቆማል። መኪና ውስጥ ያለው ሰው ተቀምጦ፣ ሙዚቃውን ከፍቶ፣ አንድ ደቂቃ ይጠብቃል፤ በዚህ ከተማ ግን አብዛኛው ሰው በእግሩና በታክሲ ነው የሚሄደው፣ ታክሲ የያዘውም ቢሆን ሲወርድ እግረኛ ነው። የማን ደቂቃ ይበልጣል የሚለውን በግልጽ እንከራከርበት፣ አጥር አቁመን በዝምታ አንወስነው።

በየግንባታው በር ላይ የሚተከል ሰሌዳ አለ፤ ርዝመት፣ ስፋት፣ ተቋራጭ፣ አማካሪ ይላል። አንድ መስመር ይጨመርበት፦ በሁለት መሻገሪያዎች መካከል ያለው ትልቁ ርቀት ስንት ሜትር ነው? ከ200 ከበለጠ ዲዛይኑ ይመለስ።